ሃምሳ አለቃ ሸዋንግዛው እና የውሃው ተራ

ስብሰባ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ከነጌሌ ብዙም በማትርቀው የእኛ ከተማ ይህ ማዕረግ የሃምሳ አለቃ ሸዋንግዛው ነው። ከሠራዊቱ በጡረታ ከተሰናበቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከስብሰባ ግን አልተሰናበቱም።

«አካሄድ!» ይላሉ፣ ሰብሳቢው ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ሲመረቅ «ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?» ብለው፣ ሪባን ሊቆርጡ የመጡትን እንግዳ መቀስ በእጃቸው እንዳለ አቁመዋቸዋል። የእህታቸው ልጅ ሽምግልና ላይ «ሁላችንም ተስማምተናል» ሲባል፣ «ልጅቷስ ተጠይቃለች?» አሉ። ተጠይቃ ነበር። በድጋሚ ተጠየቀች።

እኔ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ክቡርነታቸው ሃምሳ አለቃ እንዳያዩት ብዬ የስብሰባ ማስታወቂያ ከቤታቸው ራቅ አድርጌ ለጥፌ አውቃለሁ። ቀድመውኝ ይደርሳሉ።

በድርቁ ዓመት ጉድጓዶቻችን ነጠፉና ውሃ በቦቴ ይመጣልን ጀመር። የየሰፈሩን ተራ አውጥተን ለጠፍን፤ ማንም አላመነንም። ቦቴው ብቅ ሲል ሰው ጀሪካኑን ይዞ ይሻማል። አንድ ቀን ሙና የምትባል ነፍሰ ጡር ተገፍታ ወደቀች፤ ደግነቱ ክፉ ነገር አልደረሰባትም። በማግስቱ አዲሷ ኃላፊያችን ወይዘሮ በድሪያ ሕዝቡን ሰበሰቡ።

ሃምሳ አለቃ ተነሱ። «ቦቴው መጀመሪያ የሚገባው የማን ግቢ ነው?»

እኔ መልሱን ስለማውቀው እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ከትናንት ወዲያ የእኔ ግቢ ገብቷል» አሉ ወይዘሮ በድሪያ። «ሾፌሩ ሊያስደስተኝ ብሎ ነው፤ እኔም አልመለስኩትም። ጥፋቴ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ተራው እዚሁ፣ ዓይናችሁ እያየ በዕጣ ይወጣል። ዕጣውንም አንቱ ያውጡልን፣ ሃምሳ አለቃ።»

ሃምሳ አለቃ ከባርኔጣቸው ሰባት ወረቀት አንድ በአንድ እያወጡ ጮክ ብለው አነበቡ። የራሳቸው ሰፈር ሰባተኛ ወጣ። ወረቀቱን ወደ ሕዝቡ አዙረው አሳዩ።

«የእኔ ነው። እጠብቃለሁ» ብለው ተቀመጡ።

«ዱጋ ነው! እውነት ነው!» አለች ሙና።

በማግስቱ ሰው ተሰለፈ። ክቡርነታቸው ሳምንቱን ሙሉ ፊታቸውን በግማሽ ኩባያ ታጠቡ፤ ይህንንም ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ተናገሩ።

ከዚያ ወዲህ ዝናቡም መጣ፣ አዲስ ጉድጓድም ተቆፈረ። ውሃ ሲቋረጥ ወይዘሮ በድሪያ ምክንያቱን ሳይደብቁ ጽፈው ይለጥፋሉ። ሃምሳ አለቃ መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ፤ ሰውም የእሳቸውን ፊት አይቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ባለፈው ወር ዓይናቸውን ሊታከሙ ሐዋሳ ሄዱ። ስብሰባችን በሃያ ደቂቃ አለቀ። ሁሉም ነገር ጸደቀ። ወይዘሮ በድሪያ ግን አዳራሹን ቃኘት አድርገው፣ «ይሄ ነገር አላማረኝም። እሳቸው እስኪመለሱ እናቆየው» አሉ። የተቃወመ አልነበረም።

ቃለ ጉባኤው ላይ «ለተጨማሪ ማጣራት ተላልፏል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ስልኬን አንስቼ ሐዋሳ ደወልኩ። የሚመለሱበትን ቀን ልጠይቅ ነው አልኳቸው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ናፍቀውኝ ነው።