ጌሾና ቆሽት

እኛ ሰዎች ቆሽታችንን የምናስታውሰው ሲያርር ብቻ ነው። ጎረቤት ሲያናድደን፣ ቀበሌ ተሰልፈን ውለን ስኳሩ አለቀ ስንባል «ቆሽቴ አረረ!» እንላለን እንጂ፣ ሳያርር ምን ሲሠራ እንደሚውል የሚጠይቀው የለም። እርስዎስ ጠይቀውት ያውቃሉ? እኔም ድሬሰር ባልሆን ኖሮ አልጠይቀውም ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ክሊኒክ መርፌ እወጋ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲተኛ ውሃውና ሰማዩ የት ላይ እንደሚለያዩ ይጠፋኝና፣ በመስኮቱ ፈዝዤ እያየሁ መርፌ መቀቀሌን እረሳለሁ። በንጽሕና ግን አልታማም። በራችንን የረገጠ ሁሉ እጁን ሳይታጠብ አያልፍም።

አያ ታፈረ የመጡት ከደቅ ደሴት ነው። ቆሽታቸው ሥራውን አቁሞ ስኳር በሽታ ያዛቸውና፣ ፋብሪካ የሚሠራው ልጃቸው መርፌው እንዲቀርባቸው ብሎ ሹም አቦ ሰፈር ወዳለው ቤቱ አመጣቸው። መድኃኒቱ ያለው እኛ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እወጋቸዋለሁ። ስኳሩ ቀነሰ። እሳቸውም አብረው ቀነሱ። እህል አልቀምስ አሉ። ተወግቶ አለመብላት ደግሞ ይገድላል፤ ብነግራቸው ብለምናቸው፣ ከግቢያችን ዋርካ ሥር ተቀምጠው ደሴታቸው ባለበት በኩል ውሃውን ያያሉ። ፈራሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ወድጃቸው ነበር።

አንድ ቀን በታንኳ ያስመጡትን የጌሾ ችግኝ ሰጡኝ። ጠላ ለከለከልኳቸው ለእኔ፣ ጌሾ! ሥሩ ጥቁር ጭቃ እንደያዘ በኮባ ተጠቅልሏል። ክሊኒክ ውስጥ ጭቃ? ፈልቶ በበረደ ውሃ ሥሩን እስኪነጣ አጠብኩና ንጹሕ አሸዋ በሞላሁት ቆርቆሮ ተከልኩት። በሳምንቱ ደረቀ።

ከአያ ታፈረ ጋር ከደረቀው ችግኝ አጠገብ ቆመን ሳለ ነው የክሊኒኩ ሐኪም ያነበበውን ያወጋን። ውጭ አገር፣ ከሞተ ሰው ቆሽት ውስጥ ለአያ ታፈረ የምወጋውን ያንኑ መድኃኒት የሚያመነጩትን ጥቃቅን የሕዋስ ስብስቦች አውጥተው በበሽተኛ ሰውነት ውስጥ ለመትከል ይሞክራሉ አለ። ስብስቦቹንም ደሴት ነው የሚሏቸው።

«ዙሪያቸውን የያዛቸውን ድርና ማግ አሟሙተው፣ አጥርተው ያወጧቸዋል። ግን አዲሱ ቦታ ላይ ብዙዎቹ ይሞታሉ» አለ ሐኪሙ። «ያ ድርና ማግ ማሰሪያቸው ብቻ ሳይሆን መኖሪያቸውም ሳይሆን አይቀርም።»

አያ ታፈረ ሳቁ። ከመጡ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ታዲያ ይኸን ለማወቅ ይኸን ያህል ምን አደከማቸው?» አሉና ቆርቆሮዬን በበትራቸው ነካ አደረጉት። «ጌሾ ከነአፈሩ ነው የሚነቀል።»

ከዚያ ሳቃቸው ቆመ።

«እኔንም እኮ ልጄ አጥቦ ነው ያመጣኝ።»

ሐኪሙና እኔ ወደ ደሴታቸው ልንመልሳቸው ተስማማን። በማግሥቱ ልጃቸውን አስጠራነው። ደሴቱ ላይ ማን ይወጋቸዋል ብሎ ቆሽቱ አረረ፤ አባቱ ናቸውና አልፈረድኩበትም። እሳቸው ግን ራሳቸውን መውጋት ተማሩ፤ መድኃኒቱን ርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ገንቦ ማስቀመጥን፣ መርፌ መቀቀልን፣ ከሁሉም በፊት እጅ መታጠብን። ትምህርቱ ሳያልቅ እህል መቅመስ ጀመሩ። ታንኳቸው ደንገሉ መሃል ገብታ ስትጠፋ፣ ገደልኳቸው ይሆን እያልኩ ዳር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ወር ሳይሞላ መድኃኒት ሊወስዱ መጡ። ጉንጫቸው ሞልቷል። በእጃቸው በኮባ የተጠቀለለ አዲስ ችግኝ ይዘዋል።

«እጄን ሳልታጠብ የወጋሁበት ቀን የለም» አሉኝ። «ያልኸኝን አልረሳሁም። በል እንግዲህ፣ አንተም ይኸን እንዳታጥብ።»

አላጠብኩም። ዋርካው ማዶ፣ እሳቸው ቆመው እያዩኝ፣ ከነጭቃው ተከልኩት። ጥፍሬ ሥር የገባው የደቅ አፈር እስኪለቅ ሁለት ቀን ፈጀ፤ እኔም አልቸኮልኩም።