አፈር ስሆን ሳትለኝ

(ቦታው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ላንድማርክ አካባቢ ያለ የአንድ ነርሲንግ ሆም ፓርኪንግ። ከሰዓት በኋላ። ኃይለልዑል እዚሁ ቤት አረጋውያንን ሲያስታምም ብዙ ዓመት ቆይቷል፤ ስለ አሜሪካ የማያውቀው ነገር የለም፣ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል። ተሻገር የአጎቱ ልጅ ነው። ሳውዝ ዳኮታ ከሚገኝ የሥጋ ፋብሪካ ለቅቆ፣ «በሕክምናው መስመር ልግባ» ብሎ መጣ፤ የአስታማሚነት ሰርተፊኬቱን ይዞ እስካሁን የኃይለልዑል ሶፋ ላይ ይተኛል። አሁን ኢንተርቪው ጨርሶ መኪና ውስጥ ገብቷል።)

ኃይለልዑል፦ ኮቱን አታውልቅ አልኩህ!

ተሻገር፦ ጋሼ ኃይሌ፣ ሞቀኝ እኮ።

ኃይለልዑል፦ ይሙቅህ! በመስኮት ቢያዩህስ? ኮቱን ያወለቀ ሰው ተስፋ የቆረጠ ነው የሚመስለው።

ተሻገር፦ የአንተ ኮት ስለሆነ እጄ የት እንደገባ ራሱ አላውቅም። ቀጣሪዋ ሚስስ ዶሪስ ስትጨብጠኝ እጅጌውን ነው የጨበጠችው።

ኃይለልዑል፦ እጅጌውን ተወውና ሥራውን ንገረኝ። ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ምን እንዳለች ሰምተሃል? «ሶፋዬ ጎደጎደ» ብላለች። ሸዋዓለም ሶፋ ጠርታ ከተናገረች፣ ሰውየውን ማለቷ ነው። ይሄ ሥራ ካመለጠህ ወደ ዳኮታህ ነህ።

ተሻገር፦ አልመለስም! እዚያ ቀኑን ሙሉ በሬ ስቆራርጥ የሚያናግረኝ ፍጥረት አልነበረም። ጋሼ፣ ሰው ናፈቀኝ። እነዚህ አሮጊቶች ሌላው ቢቀር ይቆጡኛል።

ኃይለልዑል፦ ጎሽ። እንዳስጠናሁህ ነው የመለስከው? «ስለራስህ ንገረኝ» ስትልህ ምን አልካት?

ተሻገር፦ ስለ አባቴ ነገርኳት።

ኃይለልዑል፦ ስለ አባትህ ማን ጠየቀህ?

ተሻገር፦ ስለራሴማ አፌን ሞልቼ እንዴት አወራለሁ? ነውር አይደለም? አባቴ ደግ ሰው እንደነበረ፣ የሰፈሩን በሽተኛ ሁሉ ሳይጠይቅ እንደማያድር ነገርኳት።

ኃይለልዑል፦ እሺ፣ «ጥንካሬህ ምንድን ነው» ስትልህስ?

ተሻገር፦ «እሱን ሰው ይናገርልኝ» አልኳት።

ኃይለልዑል፦ (መሪውን በሁለት እጁ ይይዛል) «ድክመትህስ» ስትልህ?

ተሻገር፦ እሱ ላይ ብዙ ቆየን።

ኃይለልዑል፦ አንተ ልጅ! «ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው» ትላለህ ብዬ ትናንት ቀኑን ሙሉ አላስጠናሁህም?

ተሻገር፦ ከምዋሽ ብዬ ነዋ። እንቅልፍ እወዳለሁ አልኳት። ስም አልይዝም። ሰው ሲያለቅስ ካየሁ አብሬ አለቅሳለሁ። የአጎቴ ልጅ ሶፋ ላይ ተኝቼ ሰው ቤት አጨናንቄያለሁ…

ኃይለልዑል፦ ሶፋዬንም አነሳህ?

ተሻገር፦ ስሙን አልጠራሁም።

ኃይለልዑል፦ የማን? የሶፋው? አለቀ፣ ደቀቀ። እሷስ ምን አለች?

ተሻገር፦ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። «እንደዚህ ዓይነት ሐቀኛ ሰው ፊቴ ተቀምጦ አያውቅም፣ ሥራው ያንተ ነው» አለችኝ።

ኃይለልዑል፦ እልል! አንተ ዕድለኛ! ቆይ ለሸዋዓለም ልደውል…

ተሻገር፦ «አይ፣ ይቅርብኝ፣ አትቸገሪ» አልኳታ።

(የኃይለልዑል ስልክ ከእጁ ወድቆ ወንበሩ ሥር ይገባል።)

ኃይለልዑል፦ ምን አልካት?

ተሻገር፦ አንዴ ብቻ እኮ ነው ያለችኝ! በሞቴ ሳትለኝ፣ አፈር ስሆን ሳትለኝ፣ እንዴት ዘልዬ እሺ እላለሁ? ስግብግብ አትለኝም?

ኃይለልዑል፦ ሚስስ ዶሪስ አፈር ስሆን ትበልህ? የኦሃዮ ልጅ! ስማ፣ እኔ አሜሪካኖችን እንደ መዳፌ ነው የማውቃቸው። አሜሪካ ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም። አንዴ ይሰጡሃል፣ አንዴ ትቀበላለህ። እኔ ስቀጠር ሴትየዋ አፏን ሳትዘጋ ነው የስ ያልኩት!

ተሻገር፦ ሺፍቱ የቱ እንደሆነ ሳትጠይቅ?

ኃይለልዑል፦ ምን ያስጠይቀኛል? የስ አልኩ፣ ገባሁ።

ተሻገር፦ ለዚህ ነው የሌሊት የሆንከው?

ኃይለልዑል፦ የሌሊት ምን ይለዋል? ጸጥታ ነው።

ተሻገር፦ እና ፋሲካን?

ኃይለልዑል፦ እ… ፋሲካንም እዚያው ነኝ። እነሱ የስ ያለ ሰው አይረሱም፤ በዓል በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያስታውሱት እኔን ነው። (ቶሎ ብሎ) አሁን ውረድ! ግባና እግሯ ላይ ወድቀህ ተሳስቻለሁ በላት።

ተሻገር፦ ትንሽ እንጠብቅ፣ ትደውላለች። «እስኪ የማደርገውን ላስብ» ብላ ነው የሸኘችኝ።

ኃይለልዑል፦ እንደዚያ የሚሉት ሲያባርሩ ነው! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ያሉት ላንተ…

(የተሻገር ስልክ ይጮኻል። ሁለቱም ይደነግጣሉ።)

ተሻገር፦ ሃሎ? … የስ ሚስስ ዶሪስ። … ኦ፣ የሌሊቱን ትተሽ የከሰዓቱን?

ኃይለልዑል፦ (በሹክሹክታ) የስ በላት! የስ!

ተሻገር፦ (ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ) ገና ሁለተኛዋ ነው። (ወደ ስልኩ) ኖ፣ ኖ፣ ፕሊስ፣ ዶንት ዎሪ አባውት ሚ።

ኃይለልዑል፦ ስጠኝ! ስልኩን ስጠኝ!

(ይታገላሉ። የኃይለልዑል ክርን ክላክሱን ይጫናል፤ መኪናው ይጮኻል።)

ተሻገር፦ ሶሪ ሚስስ ዶሪስ፣ ማይ ብራዘር ነው። … የስ፣ በጣም ተቆጥቷል። … ኖ፣ እኔ እንኳ እዚሁ ብሆን ደስ ይለኛል፣ ግን ሰው ማስቸገር አልወድም። … ሌላ ቦታ? እ… እሱ ወደ ዳኮታ ተመለስ እያለኝ ነው።

ኃይለልዑል፦ (ፀጉሩን ይዞ) ገደለኝ! ሄደ በቃ!

ተሻገር፦ … የጠዋቱን? … ቅዳሜና እሁድ ዕረፍት? … የነርስ ትምህርቱንም እናንተ ትከፍላላችሁ? (ለኃይለልዑል፣ ዓይኑ ፈጥጦ) ጋሼ፣ «ፕሊስ» አለች! እየለመነችኝ ነው! (ወደ ስልኩ) እንግዲህ ይሄን ያህል ካልሽማ እሺ። የስ። ታንክ ዩ። እግዜር ይስጥሽ። (ይዘጋል) ጨዋ ሴት ናት። ሦስቴ አለችኝ።

(ኃይለልዑል ዞሮ ያፈጥበታል።)

ኃይለልዑል፦ የጠዋት? እኔ ያን የጠዋት ሺፍት መለመን ስጀምር በጨርቅ የተጠቀለለች ልጄ ኮሌጅ ገባች! የስንት ዓመት ልመና!

ተሻገር፦ ልመናው ላይ ነው የተሳሳትከው። መለመን የነበረባት እሷ ናት።

ኃይለልዑል፦ ተው ተው፣ አሁን ደግሞ አስተማሪ ሆነህ… (ከወንበሩ ሥር የራሱ ስልክ ይጮኻል። ጎንበስ ብሎ ያወጣዋል) ዝም በል! እሷ ናት። አሁን ትልቅ ሰው እንዴት እንደሚነጋገር እይ። (ድምፁን አወፍሮ) ሃሎ ዶሪስ። … ዴይ ሺፍት? ለእኔ? … (ተሻገርን ይጠቅሰዋል፣ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ) ኖ፣ ታንክ ዩ። … ሃሎ? … ሃሎ?

ተሻገር፦ ምን አለችህ?

ኃይለልዑል፦ «ኦኬ» አለች።

ተሻገር፦ ከዚያስ?

ኃይለልዑል፦ ከዚያ «ባይ» አለች።

ተሻገር፦ ምን ልትሰጥህ ነበር?

ኃይለልዑል፦ የጠዋቱን። አንተን እያሠለጠንኩ አብረን እንድንሠራ። (ስልኩን አገላብጦ ያየዋል) ለምን ግን? ላንተ ሦስቴ፣ ለእኔ አንዴ?

ተሻገር፦ እሷ እኔን አታውቀኝማ። አንተ ግን ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንቢ ብለሃት አታውቅም። እንደዚህ ያለ ሰው እንቢ ካለ የምሩን ነው ብላ ይሆናል። መልሰህ ደውልላት።

ኃይለልዑል፦ እኔ? አሁን እንቢ ባልኩበት አፌ መልሼ እሺ? ምን ትለኛለች? ይሉኝታ የለኝም እንዴ!

ተሻገር፦ እኔ ልደውልልህ?

ኃይለልዑል፦ ንክች እንዳታደርግ! ትደውላለች። ገና ሁለት ጊዜ ይቀራታል።

(ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጠው ያዩታል። የጠዋት ሠራተኞች ከበሩ እየወጡ፣ እየተሳሳቁ ወደ መኪናቸው ይሄዳሉ። አንዷ ለኃይለልዑል እጇን ታወዛውዝለታለች። ስልኩ ዝም ብሏል። ተሻገር ትልቁን ኮት አውልቆ ኃይለልዑል ትከሻ ላይ ቀስ አድርጎ ያለብሰዋል።)

ተሻገር፦ ጋሼ ኃይሌ፣ ቁልፉን ስጠኝ፣ እኔ ልንዳ። አንተ ከኋላ ጋደም በል፤ ማታ ሥራ ትገባለህ።