የንጹሕ ሽንት ውሳኔ

የትራንስፖርት ድርጅታችን ከአደንዛዥ ዕፅ የጸዳ መሆኑን በአንዲት የወረቀት ቁራጭ ያረጋገጠበትን ታላቅ ዘመን የታሪክ ጸሐፊዎች በቸልታ እንዳያልፉት በአክብሮት አሳስባለሁ።

የመጀመሪያው ተመርማሪ ሾፌራችን ጋሽ ዝግታ ነበሩ። ይህን ቅጽል ያወጣንላቸው ለድመት እንኳ ቆመው መንገድ ስለሚለቁ ነው። ለወገብ ሕመማቸው ሐኪም ያዘዘላቸውን ኮዴይን ማታ ማታ ይወስዳሉ። ወረቀቷ ሽንታቸውን ቀመሰችና «ሞርፊን» ስትል ፈረደች።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ «ኮዴይን እኮ ሰውነት ውስጥ በከፊል ሞርፊን ይሆናል» አለች። «ወረቀቷ ዘመዳሞቹን በጅምላ ነው የምታውቀው። ትልቁ መሣሪያ ግን እያንዳንዱን በስሙ ይለያል። ናሙናውን እንላክለት።»

«መልሱ መቼ ይመጣል?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«በሳምንት።»

«የወረቀቷስ?»

«ወዲያው።»

«ታዲያ የቱ ነው የበለጠ የሚያውቀው?»

የተሰበሰበው የድርጅቱ ጉባኤ አጨበጨበ። ጋሽ ዝግታ ታገዱ፤ በሚቀጥለው ምርመራ ካልጸዱ እንጀራቸው ሊቆረጥ ነው።

ወገባቸውን ይዘው ሐኪማቸው ዘንድ ሄዱ።

«ልጄ፣ ይቺ ወረቀት የማታውቀው ማስታገሻ የለህም?»

«ትራማዶል አለ። ግን እርስዎን እንቅልፍ እንቅልፍ ሊልዎት ይችላል፤ እሱን እየወሰዱ መሪ እንዳይጨብጡ።»

በተከታዩ ምርመራ ወረቀቷ ምንም አላገኘችም። ሥራ አስኪያጁ በደስታ አቀፏቸው፤ ጋሽ ዝግታም እንደታቀፉ አንቀላፉ።

«ጌታዬ» አሉ ሲነቁ፣ «ይኼኛው መድኃኒት ያስተኛኛል። እባክዎ ለጊዜው ጋራዥ ውስጥ ይመድቡኝ።»

«ወረቀቷን ተጠራጠሩ እንዴ?»

«ኧረ እኔ የተጠራጠርኩት ራሴን ነው!»

«እርስዎን ወረቀቷ አጣርታለች!»

ለአርአያነታቸው የሥራ አስኪያጁ የግል ሾፌር ሆነው ተሾሙ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁን የያዘችው መኪና የግቢው በር ክፍት ሳለ በአጥሩ በኩል ወደ ግቢ ገባች። ከአጥሩ በቀር የተጎዳ የለም።

ጉባኤው አቧራው ሳይበርድ ተሰየመ። መመሪያው «በአደጋው ጊዜ መኪናው ውስጥ የነበረ ሁሉ ይመርመር» ስለሚል ወረቀቷ ለሁለቱም ቀረበች። ጋሽ ዝግታ፦ ንጹሕ። ሥራ አስኪያጁ፦ ሞርፊን።

«የሳል ሽሮፕ ነው!» ብለው ጮኹ ሥራ አስኪያጁ። «ኮዴይን አለበት! ሐኪም ነው ያዘዘልኝ! ትልቁ መሣሪያ ጋ ላኩልኝ!»

«እሱማ ሳምንት ይፈጃል፣ ጌታዬ» አሉ ምክትላቸው፣ የአለቃውን ወንበር ወደ ራሳቸው እየሳቡ።

በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦ ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው አጥር በመግጨታቸው ታግደዋል።

ጋሽ ዝግታ አዲሱን አለቃ ወደ ቤት እንዲያደርሱ ታዘዙ። ሞተሩን አስነስተው፣ ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፍተው ያንኮራፉ ነበር። አዲሱ አለቃ በኩራት ከኋላ ገቡና በሩን ዘጉ።

«እንሂድ፣ ንጹሑ ሰው!»