ጋሽ ዱባለና ባለቤት ያጣው ዜማ

በየሰፈሩ ዘፈን በሰላም የማያሰማ አንድ ሰው አይጠፋም። ለኮልፌ የደረሱት ጋሽ ዱባለ ናቸው። እንጀራቸው ልብስ ስፌት ነው፤ ክራራቸው ከስፌት መኪናው በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ሹመታቸው ግን፣ ማን እንደሾማቸው ባይታወቅም፣ የዜማ ሁሉ ዳኝነት ነው። አዲስ ዘፈን በተከፈተ ቁጥር ጣታቸውን አንስተው «ባለቤት አለው» ይላሉ። አለቀ። ከዚያ ወዲያ የሚሰማው ዘፈኑ ሳይሆን እሳቸው ናቸው።

አንድ ጠዋት ከዘነበወርቅ ሲመጡ የታክሲው ሹፌር አብራር ሞቅ ያለ ዘፈን ከፈተ። ጋሽ ዱባለ አስቀነሱትና ዜማው ከየትኛው አዝማሪ እንደተነሳ፣ በማን ክራር እንዳለፈ፣ በየትኛው ኪቦርድ እንደተበላሸ ያስረዱ ጀመር። ሦስት ሰዎች ፌርማታቸው አለፋቸው። አንዷ ወርዳ እየተራገመች ስትሄድ ቀሪውን በመስኮት ጨረሱላት።

ሰርግ ላይማ ይብሳሉ። በአንዱ ሰርግ ሙሽሮቹ ሊጨፍሩ ሲነሱ የሙዚቃ ባንዱን አስቁመው፣ ክራር ያስተማሯቸውን የአቶ ኃይለ መስቀልን ውለታ አንድ በአንድ ዘከሩ። ሙሽራው ላቡን እየጠረገ ጠበቀ። የመነሻውን ስም የማይጠራ ዘፋኝ የጎረቤቱን በግ የሚሸጥ ሰው ነው ባይ ናቸው። የሚያናድደው ደግሞ ተሳስተው አያውቁም።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የምታውቀው የግድግዳ ጎረቤታቸው ራኬብ ናት። የመጀመሪያ ዘፈኗን በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ባቀረበችበት ቅዳሜ ያስፈራት የሕዝቡ ብዛት አልነበረም፤ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ጋሽ ዱባለ ነበሩ። ዜማውን ከልጅነቷ ጀምሮ ከግድግዳው ማዶ፣ ከሳቸው ክራር ስትሰማው ነው ያደገችው። የማን እንደሆነ ስለማታውቅ «የሕዝብ ዜማ» ብላ ዩቲዩብ ላይ ለቃዋለች። ተነስተው በሰው ፊት ሌባ ቢያደርጓትስ?

ዘፈነች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ሰው ሁሉ ዞሮ ጋሽ ዱባለን ጠበቀ። እሳቸው ጫማቸውን እያዩ ቁጭ ብለዋል። ራኬብ የምር የፈራችው ይሄኔ ነው፤ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ሰኞ ማለዳ ሱቃቸው ሄደች።

«ጋሼ፣ ያ ዜማ የማን ነው?»

«የሕዝብ ነው ብለሽ የለ» አሉ፣ መርፌ ላይ ክር እያስገቡ። «እንግዲህ የሕዝብ ነው።» ክሩ ሦስት ጊዜ ሳታቸው።

ሚስታቸው እትዬ ውዳሴ ጥግ ላይ ቁልፍ እየተከሉ ነበር። የሠላሳ ዓመት ትዕግሥታቸው እዚያ ላይ አለቀ።

«ራሱ ለእኔ ያወጣው እኮ ነው፣ በተጋባን ሰሞን» አሉ። «የሰው ሲሆን ሰፈር ይቀሰቅሳል፤ የራሱ ሲሆን ምላሱን ይውጣል።»

ጋሽ ዱባለ እንደ ልጅ አፈሩ። ለራሴ ብዬ ብነሳ ሰው ምን ይለኛል፣ ከነአቶ ኃይለ መስቀል እኩል ልቁም እንዴ እያሉ አጉረመረሙ። ራኬብ ሃያ ዓመት ያማረሯትን ሰውዬ ምን ያህል እንደምትወዳቸው ያወቀችው ገና አሁን ነው። ስልኳን አወጣች፤ «የሕዝብ ዜማ» የሚለውን አጥፍታ «ዜማ፦ ጋሽ ዱባለ» ብላ ጻፈችና አሳየቻቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ሦስቱን ቃል ለማንበብ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

«እንዲህማ አይሆንም» አሉ በመጨረሻ። «ኮልፌ ውስጥ ስንት ጋሽ ዱባለ አለ። የአባቴን ስም ጨምሪበት።»