የባብ ሴቬሪኖ አፍንጫ

ዓሣ የሚሸጥበት ገበያ ሁሉ አንድ አሽታች አለው። ማንም አልሾመው፣ ደሞዝ የለው፤ ግን ቅርጫት ላይ ጎንበስ ብሎ ካላሸተተ ገበያው የቆመ አይመስለውም። የእኛ የባሕር ዳር መንደር የሲዮሊም አሽታች፣ ለትልቅ ሰው ባለን አክብሮት «ባብ» የምንላቸው፣ ክቡር ባብ ሴቬሪኖ ናቸው። የፖስታ ቤት ጡረተኛ፣ ጎረቤቴ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ገበያ እንድንወርድ ጎህ ሳይቀድ በሬን እያንኳኩ እንቅልፍ የነሱኝ ሰው።

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለሹም ይተርተዋል። እርሳቸው ግን ለዓሣ ነው የሚተርቱት። ጉንጩን ገልጠው ያያሉ፣ ሆዱን በአውራ ጣት ይጫናሉ፣ ከዚያ ያንን የተከበረ አፍንጫቸውን አስጠግተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ፍርዱ ከሁለት አንዱ ነው፤ «ይሄ ዛሬ ጠዋት ሲዋኝ ነበር» ወይም «ይሄ የሞተው ሐሙስ ነው።» ለምን ሐሙስ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ሰኞም ሄድን ቅዳሜ፣ የሞተው ሐሙስ ነው።

ዓሣ ሻጯ አንጄሊን ደግሞ ምላሷ ከቢላዋዋ ይብሳል።

«ባብ፣ ሊገዙኝ ነው ሊባርኩልኝ?»

«ሐሙስ የሞተን ምን ብዬ እባርካለሁ? ለዚህ ፍትሐት ነው የሚያስፈልገው።»

«እንግዲያው አፍንጫዎን ይላሱ» ትላቸውና ትንሽ ቆይታ ከጆንያው ሥር የደበቀችውን ደህናውን ታወጣለች። ይህ በሳምንት ሦስት ቀን ይደገማል።

ሕጋቸውም ጥብቅ ነው፤ መጀመሪያ ዓሣ፣ ቀጥሎ አትክልት። «ሽንኩርቱን የሚመርጠው ዓሣው ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ተሳስቼ ባሚያ ቀድሜ ብገዛ፣ ለባሚያው የሚመጥን ሽሪምፕ፣ ያ ጥቃቅኑ የባሕር ፍጥረት፣ እስኪገኝ ሦስት ገበያ አዞሩኝ። በመጨረሻ በጀልባ ወንዝ ተሻግረን፣ ከአንድ መረብ ጠጋኝ ሁለት እፍኝ ገዝተን፣ እዚያው ደጃፉ ላይ በኮኮናት ወተት አብስለን ከሰውየው ጋር በላን። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ይህን ለእርሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም፤ ከነገርኳቸው ማን ይችላቸዋል?

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ባብ ሴቬሪኖ ኃይለኛ ጉንፋን ያዛቸውና አሥር ቀን ተኙ። ከተነሡ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ጠሩኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ የሚያርር ዓሣ ሸተተኝና ወደ ጓዳ ገባሁ። ቤቱ በጭስ ታፍኗል። እርሳቸው ለምድጃው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እያፏጩ ኮኮናት ይፈቀፍቃሉ።

«ባብ፣ እያረረ ነው እኮ።»

ዘወር ብለው መጥበሻውን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን።

«አውቄ ነው። እንዲህ ጠቆር ሲል ነው የሚጥመው።»

ከሰሉን ተካፍለን በላን። ጉንፋኑ ሲሄድ አፍንጫቸውንም ይዞ እንደሄደ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አዘንኩላቸው፤ ፈራሁም። የዓሣ አጥማጆቹ በዓል፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሳምንት ነበር የቀረው። ለሰማንያ ሰው ምሳ የሚሆነውን ዓሣ የሚመርጡት ደግሞ እርሳቸው ናቸው። በክረምት ትልልቆቹ ጀልባዎች ባሕር አይወጡም፤ ዓሣው በበረዶ ታሽጎ ከሩቅ ነው የሚመጣው። በረዶ ላይ የተኛ ዓሣ ከሞተ ሳምንት ቢሞላውም ዓይኑ ያበራል፣ ሆዱም ይጠነክራል። የሚያጋልጠው አፍንጫ ብቻ ነው። ያገሩ ሰው ሆዱን ቢታመም ይድናል፤ «ማሽተት አልችልም» ቢሉ ግን ባብ ሴቬሪኖ ከነገ ጀምሮ ማን ሊባሉ ነው?

የበዓሉ ዕለት ጠዋት አንጄሊን ሦስት ሣጥን ደርድራ ጠበቀችን። ባብ ሴቬሪኖ ጉንጭ ገለጡ፣ ሆድ ተጫኑ፣ አፍንጫቸውን አስጠጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚያው ቀሩ። ዝናቡ ከአናታችን የተወጠረውን ላስቲክ ይደበድባል።

«ባብ፣ ዓሣው ከእንቅልፉ እስኪነሣ ነው የሚጠብቁት?» አለች አንጄሊን።

ቀና አሉ። እኔን ሳያዩ፣ «አንተ ልጅ» አሉኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። «ሃያ ዓመት ቅርጫት ተሸከምክ እንጂ አልተማርክም። እስቲ ዛሬ አንተ አሽትት።»

በሃያ ዓመት ውስጥ ከእርሳቸው በፊት አፍንጫ ያስጠጋ ሰው አላየሁም። አንጄሊን እንኳ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ጎንበስ አልኩ። የመጀመሪያው ሣጥን ጨውና ባሕር ሸተተኝ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ግን ከበረዶው ሥር አንድ የሚያቅለሸልሽ ጣፋጭ ነገር ነበር፤ የማውቀው ነገር። ሳልማረው ያወቅኩት መሰለኝ፤ ለካ ስማር ኖሬአለሁ።

«ይሄ የሞተው ሐሙስ ነው» አልኩ።

አንጄሊን ሣጥኑን በእግሯ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። «እሱንማ ለድመት ነው ያመጣሁት» አለች።

ባብ ሴቬሪኖ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ረቡዕ ነው እንጂ። ለጀማሪ ግን አይከፋም። ና፣ ሽንኩርቱን እንግዛ» ብለው ቅርጫቱን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው ተሸከሙት።

ከዚያ ወዲህ ጎህ ሳይቀድ የእርሳቸውን በር የማንኳኳው እኔ ነኝ።