ማንም ያላስገደደው ሰው

ሰው ሳይገደድ የሚገደድበት ሥራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እንዲያውም ሳያስገድዱት በመገደድ የሚስተካከለኝ አልነበረም።

የሰቆጣ መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ፈላጭ ነበርኩ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ልንበተን ስንል ካቦው ብቅ ይልና፣ «ትርፍ ሰዓት በፈቃድ ነው፤ እስከ ማታ መሥራት የማይፈልግ ወዲህ ወጥቶ ስሙን ያስመዝግብ» ይላል። የተመዘገበ ሰው ምን ይደርስበት እንደሆነ አናውቅም፤ ደፍሮ የተመዘገበ የለማ!

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታችን ከትውልድ መንደሬ ከደሃና መጣ።

«አባትህ ደክመዋል። ስምህን እየጠሩ ነውና ዛሬውኑ ተነሥ» አለኝ።

ዛሬስ እወጣለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ቀትር ላይ ካቦው ያችኑ ቃሉን ሲናገር ግን፣ ድንጋይ ሲፈልጥ የከረመው ጀግና እግሩን ማንሣት አቃተው። ይባስ ብሎ ካቦው ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «እንዳንተ ያለ ፈቃደኛ ነው የምፈልገው!» ሲለኝ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሻችሁ?

እሑድ ደሃና ስደርስ ቀብሩ አልቆ፣ የመንደሩ ሰው የእጁን አፈር እያራገፈ ነበር።

«መቃብሩን እንዲቆፍሩ ማን አዘዛቸው?» ብዬ አጎቴን ጠየቅኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ለዚህም አዛዥ ያስፈልጋል እንዴ? ይልቅ አንተ ልጄ፣ ማን ከልክሎህ ቀረህ?»

«ካቦው» ልል አፌን ከፈትኩ። ካቦው ግን አልከለከለኝም ነበር።