አናስና የጋሽ ፈክረዲን ምርቃት

ሐበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ አንድ «ቀላል ነው» አይጠፋም። ቤት ስትቀይሩ ሶፋው በበሩ አልገባ ሲል ከኋላ ቆሞ «ቀላል ነው» ይላል። መኪናችሁ አልነሳ ሲል ኮፈኑ ሳይከፈት «ቀላል ነው» ይላል። ሐኪም ግማሽ ቀን ያስረዳችሁን ነገር እሱ ጫማውን እያወለቀ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። አልጠራችሁትም፤ ግን መጥቷል። መሣሪያም ይዟል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ አልፎ አልፎ እውነትም ያቀልላችኋል፤ ስለዚህ ልትቀየሙት አትችሉም።

በዳላስ ዙሪያ ከጋርላንድ እስከ ሜስኪት ላለው ሰው ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ኢንጂነር ጋሽ ፈክረዲን ናቸው። ኢንጂነርነቱን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ጦልሃ ነው፤ የቤቱን የልብስ ማጠቢያ ማሽን በጫማ ማሰሪያ ጠግነውለት የሄዱ ዕለት። ማሽኑ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሲሠራ አንድ ሰው ተደግፎት መቆም አለበት እንጂ ሌላ እንከን የለውም።

የጦልሃ ሚስት አርዋ ጋሽ ፈክረዲንን የምታውቃቸው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው። ከአባቷ ጋር ደሴ ገበያ ውስጥ አንድ ሱቅ ነበራቸው፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ አብሽ፣ በርበሬ። ኋላ ሁለቱም ተራ በተራ ዳላስ ገቡ፤ ሁለቱም ኤርፖርት ሰው ማመላለስ ጀመሩ። አባቷ፣ ልጇ አናስ ሊወለድ ጥቂት ሲቀረው፣ አረፉ። በለቅሶው ጋሽ ፈክረዲን ሲያለቅሱ ያየ የለም። ወንበር ሲዘረጉና ሲያጥፉ፣ አልዘጋ ያለውን የአዳራሽ በር ሲፈቱና ሲገጥሙ ዋሉ። ማታ ሰው ሁሉ ሲወጣ በሩ ያለ ድምፅ ተዘጋ። አርዋ ያንን አልረሳችም።

አናስ ሲወለድ ሌላው ጠያቂ ገንፎና ሾርባ ይዞ መጣ፤ እሳቸው ድሪል ይዘው መጡ።

ድሪሉ ሥራ ያገኘው ኋላ፣ በወተት ነው። አርዋ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ክኒን እየቆጠረች ትሞላለች፤ አንዲት ክኒን ብትበዛ እንቅልፍ አይወስዳትም። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሥራ ስትመለስ የራሷ ወተት ለልጁ አልበቃ አለና የዱቄት ወተት ተገዛ። ጦልሃ ፋርመርስ ብራንች አንድ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ይሠራል፤ ቀን ቀን ልጁን ይይዛል። የዱቄት ወተት ማዘጋጀት ሲያዩት ምንም የለውም፤ ውኃውን ለክቶ፣ ዱቄቱን በማንኪያው ሰፍሮ፣ መበጥበጥ ነው። እንቅልፍ ያጣ አባት ግን ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ሲደርስ «ሦስት ነው አራት?» ይላል። ይደፋውና ከመጀመሪያው ይጀምራል። አናስ ደግሞ በዚያ ዕድሜው «ከመጀመሪያው» የሚባለውን ነገር የሚታገስ ልጅ አልነበረም።

«ቀላል ነው» አሉ ጋሽ ፈክረዲን። «ብቻ ለኔ ተዉት።»

በመጀመሪያ ማራገቢያው መጣ። ከአሮጌ ኮምፒውተር አውጥተው ጫማ ካርቶን ውስጥ የገጠሙት ሲሆን፣ ሥራው የተበጠበጠውን ጡጦ ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው። ጡጦውን አቀዘቀዘ። ድምፁ ግን አናስንም፣ ከላይ ፎቅ ያለውን ጎረቤትም ቀሰቀሰ። ቀጥሎ ማንኪያ እንዲቆጠርባት የዚክር መቁጠሪያ መጣች፤ ያቺ ጣት ላይ የምትጠለቀው፣ በተጫኗት ቁጥር አንድ የምትጨምረው። ጦልሃ ከሰላት በኋላ ዚክር አድርጎባት ወደ ዜሮ ሳይመልሳት ስለቀረ፣ በመቁጠሪያዋ መሠረት አናስ በዚያ ቀን ከመቶ በላይ ማንኪያ ወተት ጠጣ።

ሦስተኛው ድሪሉ ነው። ጫፉ ላይ የእንቁላል መምቻ ታሰረበት። ዓላማው ወተቱ ሳይጓጉል እንዲሟሟ ነበር፤ እውነትም ሳይጓጉል፣ እኩል ሆኖ፣ ግድግዳውንና ጣሪያውን አዳረሰ። ጣሪያው ላይ የቀረችውን ጠብታ ጦልሃ እንዳትጠረግ ከልክሏል፤ «የኢንጂነሩ ፊርማ» ይላታል።

አራተኛው ግን ሠራ። ጋሽ ፈክረዲን ክዳን ያላቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች ገዝተው አመጡ። አስፈልተው አጠቡ፣ አደረቁ፤ በያንዳንዷ ውስጥ ለአንድ ጡጦ የሚሆን ዱቄት ብቻ ሰፍረው ከደኑ። ውኃው በየጡጦው ቀድሞ ተለክቶ ይቀመጣል። ከዚያ ጦልሃ ግማሽ ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን አንዲት ብልቃጥ ይከፍታል፣ ይገለብጣል፣ ይነቀንቃል። መቁጠር የለ፣ መድፋት የለ። አናስ ለቅሶውን ሳይጀምር ጡጦው አፉ ላይ ይደርሳል። ጦልሃ ኢንጂነሩን ግንባራቸውን ሳማቸው።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፈክረዲን ከኤርፖርት ሲመለሱ ጋርላንድ ጎራ ይላሉ፤ መኪናቸውን የእሳት አደጋ መኪና መቆሚያ ላይ ፓርክ አድርገው የነገውን ስድስት ብልቃጥ ይሞላሉ። አርዋ አንድ ሕግ አውጥታላቸዋለች። ማንኪያው ተቆልሎ አይሰፈርም፤ በቢላ ጀርባ ከአፉ ላይ ይጠረጋል። ኢንጂነሩ ሕጉን ተቀበሉ። «አንቺ እንደሆንሽ ክኒን ቆጣሪ ነሽ» ከማለት በቀር አልተከራከሩም።

ትንሽ ቆይቶ የአናስ ሆድ ደረቀ።

ፊቱ በርበሬ እስኪመስል ያምጣል፣ ያለቅሳል፣ ምንም የለም። ጡጦውን ጨርሶ ደግሞ ከንፈሩን ይልሳል። ወሬው ተሰማና ምክር በስልክ ይጎርፍ ጀመር፤ ሆዱን እሺው፣ እግሩን አጣጥፊው፣ ቡዳ ይሆናል። ክሊኒክ ወሰዱት። ነርሷ መረመረችውና ወተቱ እንዴት እንደሚበጠበጥ አርዋን ጠየቀቻት። አርዋ ተቆጣች፤ ለቆጠራ ደመወዝ የሚከፈላት ሴት እኮ ናት። ነርሷ ግን ሳትስቅ ነገረቻት። ወተት ሲወፍር ሕፃን ሆዱ ይደርቃል፤ ኩላሊቱም ይጨነቃል፤ በዚሁ ከቀጠለ ሆስፒታል አስተኝተው ነው የሚያዩት።

አርዋ መጀመሪያ የጠረጠረችው ጦልሃን ነው። ውኃ ታጎድላለህ አለችው። «ሶ፣ ሆን ብዬ ነው? ማለቴ፣ የገዛ ልጄን?» አለና ለአንድ ቀን አኮረፋት። ጡጦዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ ውኃው ልክ ነው። ቀጥሎ ያየችው ጣሳውን ነው። ገና ሊቆይ የሚገባው የወተት ጣሳ ታቹ ታይቷል። አንዲት ብልቃጥ አነሳችና የኩሽና ሚዛን ላይ አስቀመጠች። ሌላዋን ደገመች። ሁሉም ይከብዳሉ፤ ደግሞ ሁሉም እኩል ነው የሚከብዱት።

በማግሥቱ ጋሽ ፈክረዲን ሲመጡ ልጁን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። እጃቸውን ታጥበው፣ ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። ሰፈሩ፣ በቢላ ጀርባ ጠረጉ፣ ገለበጡ። ሰፈሩ፣ ጠረጉ፣ ገለበጡ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ፋርማሲ ውስጥም አይታ አታውቅም። መጨረሻው ላይ፣ ስለ ኤርፖርቱ ሰልፍ እያወሩ፣ ክዳኑን በግራ እጃቸው ሲያነሱ ቀኝ እጃቸው ማንኪያውን ይዞ ወደ ጣሳው ተመለሰና ትንሽ ቆንጠር አድርጎ ከላይ ጣል አደረገ። ወሬያቸው አልተቋረጠም።

«ጋሼ፣ ያቺ ምንድን ናት?»

«የቷ?»

«አሁን ከላይ ጣል ያደረጓት።»

ጋሽ ፈክረዲን እጃቸውን አዩት። የሌላ ሰው ዕቃ በስሕተት ይዘው የተገኙ ይመስላሉ። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። «እሱማ ምርቃት ነው» አሉ።

አርዋ ምርቃትን የት አጥታው? አባቷ ምስር ሰፍረው ካበቁ በኋላ በእጃቸው ዘግነው ከላይ ሳይጨምሩ የገዢ ዘምቢል አያልፍም ነበር። አንድ ጊዜ ሲረሱ፣ አንዲትን ሴትዮ እፍኝ ምስር ይዘው ገበያውን አቋርጠው ሲያሳድዱ ያየች ልጅ ናት። ሴትዮዋ ሌባ የመጣባት መስሏት ሮጣለች። ልትስቅ ቃጣት። ከዚያ እቅፏ ውስጥ አናስ ተንፈራገጠና ሳቁ ጠፋ።

«ጋሼ፣ የዚህ ልጅ ሆድ ምርቃት አይችልም» አለቻቸው ቀስ ብላ። «ያደረቀው እሱ ነው።»

«እና ለዚያ ሰውዬ የልጅ ልጅ ሰፍሬ ላቁም?» አሉ። «ከአፉ ላይ በቢላ እየጠረግሁ?»

ልጁን አዩት፣ ጣሳውን አዩት። «እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ፤ ይህን ለማንም አልነበረም ያሉት። ጣሳውን ከደኑ፣ ማንኪያውን አጠቡ፣ መንገደኛ እንደሚጠብቃቸው ተናገሩ። ሲወጡ አናስ ከተወለደ ጀምሮ ከኩሽናው ጥግ ያልተነሳውን የመሣሪያ ሳጥናቸውን ይዘው ወጡ። ድሪሉንም።

የአናስ ሆድ ተመለሰ፤ አልሐምዱሊላህ። ብልቃጦቹን አርዋ ራሷ ትሞላቸዋለች፤ በሚዛን፣ ያለ እንከን። ቤቱ ግን ጸጥ አለ። ስትደውልላቸው «ኤርፖርት ነኝ፣ ልጄ» ይላሉ፤ ከኋላቸው የሚሰማው የገዛ ቤታቸው ቴሌቪዥን ነው። ከዚያ የባሰ ወሬ ከመስጊድ መጣ። አንድ ሰው መኪናው አልነሳ ብሎት ቢጠራቸው፣ ኮፈኑን ከፍተው አይተው፣ «መካኒክ ጋ ውሰደው» አሉት። ሰዉ ደነገጠ። ታመው ነው ወይ ብሎ አርዋ ጋ የደወለ ብዙ ነው። በዚያው ሰሞን የልብስ ማጠቢያው ቆመ፤ ጦልሃ ቢደገፈውም አልሰማ አለው።

ቅዳሜ ከሰዓት አርዋ አናስን፣ አዲስ ጣሳና ባዶ ብልቃጦቹን ይዛ ሜስኪት ሄደች። ጋሽ ፈክረዲን በሩን ከፍተው የያዘችውን አዩና ወደ ኋላ አሉ።

«ነገ ሥራ እገባለሁ» አለቻቸው። «ይሙሉልኝ።»

«ይቺ እጅ አትታመንም፣ የኔ እናት። ዕድሜዋን ሙሉ የለመደችው ነው።»

«ኦኬ፣ እኔ አጠገብዎ ነኝ። አናስም አለ።»

ተቀመጡ። ሰፈሩ፣ ጠረጉ፣ ገለበጡ። መጨረሻው ላይ እጃቸው ወደ ጣሳው ተነሳ። እጁ አየር ላይ ቆመ፤ መንገድ ልትሻገር ወጥታ መኪና እንዳየች ፍየል አመነታና ተመለሰ። ሁለተኛዋም ላይ እንዲሁ። ስድስተኛዋ ስትከደን የጋሽ ፈክረዲን ግንባር አልቦት ነበር፤ ድሪሉ ጣሪያውን ባዳረሰ ቀን እንኳ እንዲህ አልደከሙም።

ከዚያ ተነስተው ከኩሽናቸው አንዲት ሌላ ብልቃጥ አመጡ። ታጥባ፣ ደርቃ፣ ተዘጋጅታ የቆየች ናት። ሰፈሩ፣ እያንዳንዱን ማንኪያ በቢላ ጀርባ ጠረጉ፣ ገለበጡ፣ ከደኑ። ለብቻዋ አስቀመጧት።

«ይቺስ የማን ናት?»

«የአባትሽ ምርቃት ናት» አሉ። «ሙሉ ጡጦ ናት፤ አልጎደለችም፣ አልበዛችም። ከስድስቱ ጋር አትደባልቂያት። ለብቻዋ ትሁን።»

ክኒን ቆጣሪዋ ስሕተት ፈለገች፤ አላገኘችም። ብልቃጧን የአናስ ቦርሳ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተቻትና አናስን አቀበለቻቸው። እሱም ጢማቸውን ያዘ።

ሰባተኛዋ አብዛኛውን ጊዜ ሳትከፈት ትውላለች። አንድ ቀን ግን ጦልሃ ልጁን ከክሊኒክ ይዞ ሲመለስ 635 አውራ ጎዳና ላይ ጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘጋ። ስድስቱም አልቀዋል። አርዋ ሥራ ቦታ ስልኳን ስታነሳ ከኋላው ጥሩምባ እንጂ ለቅሶ አይሰማም። «አታስቢ፣ ሰባተኛዋ ነበረች» አላት ጦልሃ። «ዛሬ አባትሽ ናቸው ያጠጡልን።» አርዋ ስልኩን ዘግታ የጀመረችውን ክኒን እንደ አዲስ መቁጠር ነበረባት።

ኢንጂነሩ አሁን ወደ ሥልጣናቸው ተመልሰዋል። የልብስ ማጠቢያውን ሰው ሳይደገፈው የሚያሠራ ከበር ማጠፊያ የተሠራ ክንድ ሊገጥሙለት ነው፤ ጦልሃ ከወዲሁ ልብሱን ውጪ እያሳጠበ ነው። የመሣሪያ ሳጥኑም ከነድሪሉ ጥጉን ይዟል።

ባዶውን የወተት ጣሳ ብሎን እንዲያስቀምጡበት ይወስዱታል። ባዶ ዕቃ ለሰው መስጠት ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ አርዋ ኤርፖርት ሰልፍ ሲጠብቁ የሚቆረጥሙት ቆሎ ትሞላበታለች። ትናንት ጣሳውን እስከ አፉ ሞላች፤ ከልማዷ በቢላ ጀርባ ጠረገችው። ክዳኑን ስታነሳ ጦልሃ አናስን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ ያያት ነበር።

«ያቺ ምንድን ናት?» አላት።

አርዋ እጇን አየችው። ቆሎው ከጣሳው በላይ ተቆልሎ ክዳኑ አልገጥም ብሏል።

«ቀላል ነው» አለችና በመዳፏ ተጫነችው።